ደጋፊ ሰነዱ የታለ?

የዛሬው ትረካ ከዳር እስከ ዳር የአካውንታንቶች ነው። ያጠፋውም አካውንታንት፣ ታዝዛ የመዘገበችውም አካውንታንት፣ ተከፍሎት ያላየውም አካውንታንት፣ በሌሊት ቆፍሮ ያወጣውም አካውንታንት። ሁሉም አንድ ዓይነት የመጀመሪያ ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ግራው ዴቢት ቀኙ ክሬዲት እየተባሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው። በኋላ ሙያው በተለያየ ወንበር አስቀመጣቸው፤ እያንዳንዱም በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተፈተነ።

ይህን የማወራው በየዓመቱ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ «አካውንቲንግና ፋይናንስ» ብለው ቅጽ ለሚሞሉ ልጆቻችን ስል ነው። ቤተሰብ ደስ ይለዋል፤ «ባንክ ትገቢያለሽ» ይላታል። ጎረቤት የእድሩን መዝገብ የምትይዝ የተማረች ልጅ ተገኘች ብሎ ያመሰግናል። ልጅቷም ጆርናልና ሌጀር፣ ኮስትና ኦዲቲንግ ስትማር ዓመታት ታሳልፋለች። ሙያው አንድ ቀን ከሰው ምን እንደሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነግራት ጋዋን ለብሳ ትመረቃለች። እኔ ከማውቃቸው ታሪኮች መካከል ይህን ጥያቄ ዎርልድኮም የተባለውን የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ታሪክ ያህል አጥርቶ የሚያሳይ የለም። እንግዲህ ስሙኝ።

በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ከጃክሰን አጠገብ ክሊንተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሲንቲያ ኩፐር ያደገችው እዚያ ነው። አካውንቲንግን የጀመረችው ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ነበር። ያስተማረቻት መምህርት ግሊን ስሚዝ የሚባል ልጅ ነበራት፤ ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል። ሲንቲያ ሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብታ በአካውንቲንግ ተመረቀች፤ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ጨመረች፤ ሲፒኤ የሚባለውን የሙያ ፈተናም አለፈች። ከዚያ አትላንታ ሄዳ በፕራይስ ዋተርሃውስና በዴሎይት ሠራች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህ መንገድ ለእኛም ልጆች የሚመከር ነው። ኦዲት ድርጅት የገባ ጀማሪ ደመወዙ ትንሽ፣ ምሽቱ ረጅም ነው። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የፋብሪካውን፣ የሆስፒታሉን፣ የአስመጪውንና የእርዳታ ድርጅቱን መዝገብ ገልጦ ያያል። አንድ መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ጓደኛው በአሥር ዓመት የማያገኘውን ነው የሚያየው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው መዝገብ እየገለጠ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል። ይህ ልምድ የሲንቲያን ሕይወት የወሰነ ይመስለኛል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሲንቲያ ትንሽ ልጇን ይዛ ወደ ሚሲሲፒ ተመለሰች። ያገኘችው ሥራ በአንድ በማደግ ላይ ባለ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ነበር፤ የውስጥ ኦዲት ክፍሉንም ከባዶ ያቋቋመችው እሷ ናት።

ኩባንያው የተወጠነው በ1983 በዚያው ግዛት፣ ሃቲስበርግ በምትባል ከተማ፣ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ከትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች መስመር በጅምላ ተከራይቶ የርቀት ጥሪን በቅናሽ መሸጥ። ስሙን ኤልዲዲኤስ አሉት። በ1985 መሪነቱን የያዘው በርኒ ኤበርስ ካናዳ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ወተት በየቤቱ ያደረሰ፣ ለቅርጫት ኳስ ብሎ ሚሲሲፒ ኮሌጅ የመጣ፣ በስፖርት ትምህርት የተመረቀ፣ ኋላም ሞቴሎች የገዛ ሰው ነው። በዚህ ታሪክ ካሉት ትልልቅ ሰዎች መካከል አካውንቲንግ ያልተማረው እሱ ነው። ይህንንም ያዙልኝ።

ኤበርስ ኩባንያ መግዛት ያውቅበት ነበር። አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ገዛ፤ በ1995 ስሙን ዎርልድኮም አለው፤ በ1998 ደግሞ በገቢ ከራሱ የሚበልጠውን ኤምሲአይን ወደ 37 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለ። የዓለም ግዙፍ የስልክ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት በትንሿ ክሊንተን ተቀመጠ። የአገሬው ሰው ኮራ፤ መምህሩም ነርሷም ጡረተኛውም ያጠራቀመውን አክሲዮን ገዛበት።

ግዢውን ሁሉ በቁጥር የሚያቀናብረው የፋይናንስ ኃላፊው ስኮት ሱሊቫን ነበር። በኒው ዮርክ ግዛት ኦስዊጎ አካውንቲንግ ተምሮ፣ በኬፒኤምጂ ሠርቶ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ የተከበረው ወንበር ላይ የደረሰ፣ በፋይናንስ ኃላፊዎች መጽሔት የተሸለመ ሰው ነው። የዎል ስትሪት ተንታኞች ቃሉን እንደ ማስረጃ ይወስዱ ነበር። የሲንቲያም የበላይ እሱ ነበር። ልብ በሉ፣ የውስጥ ኦዲተሯ ሪፖርት የምታደርገው ለሚመረመረው ሰው ነው። በእኛም ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህ አለ፤ የኦዲተሩን ዕድገትና አበል የሚፈርመው ያው መዝገቡ የሚታይበት ኃላፊ ነው።

በ2000 ነገሩ ተገለበጠ። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ግርግር ተነፈሰ፤ ስፕሪንት የሚባለውን ተወዳዳሪ ለመግዛት የታሰበው በመንግሥት ተቃውሞ ከሸፈ፤ ገቢ ወረደ። የመስመር ኪራዩ ግን አልወረደም። ዎርልድኮም የሌሎችን መስመር ለዓመታት ውል ገብቶ ተከራይቷል፤ ደንበኛ ደወለም አልደወለም ይከፍላል። ይህ የመስመር ወጪ የኩባንያው ትልቁ ወጪ ነው።

የተደረገውን ለማየት የአንደኛ ዓመት ትምህርት ይበቃል። አንድ የሚኒባስ ባለቤት በቀን 3,000 ብር ገቢ ያገኛል እንበል። 1,500 ለነዳጅ፣ 500 ለረዳቱ ይከፍላል፤ 1,000 ብር ይተርፈዋል። አሁን ይህ ሰው ታክሲውን ሊሸጥ ፈልጎ ለገዥው ማማር አለበት። ምን ያደርጋል? ነዳጁን ከወጪ አውጥቶ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይደምረዋል፤ ሞተር እንደገዛ፣ ጎማ እንደቀየረ አድርጎ ይጽፈዋል። ያን ጊዜ የዕለቱ ትርፍ 2,500 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ መኪናው በየቀኑ እየከበረ ይሄዳል፤ የነዳጁ ዋጋ በየዓመቱ በእርጅና ቅናሽ ስም በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ይወጣል። ታንከሩ ግን ማታ ባዶ ነው። ነዳጁ ተቃጥሎ አልቋል፤ ነገ የሚሰጠው ጥቅም የለም። መምህራን «ወጪ» እና «ቋሚ ንብረት» ብለው የሚለዩት ይህንኑ ነው።

ዎርልድኮም ኪራዩን ቋሚ ንብረት አለው። ይኸው ነው ምስጢሩ፤ የሚራቀቅ ነገር የለውም።

ኪራዩ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ግን ቀለል ባለ ነገር ነው የጀመሩት፤ ይህ የሆነው በቤቲ ቪንሰን ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤቲ በጠቅላላ ሒሳብ ክፍል ውስጥ የመካከለኛ ደረጃ ኃላፊ ነበረች፤ በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትሠራ አካውንታንት። በኦክቶበር 2000 አለቃዋ ቡፎርድ ዬትስ ትእዛዝ ይዞ መጣ፦ ለወደፊት ክፍያ ከተያዘው መጠባበቂያ ላይ 828 ሚሊዮን ዶላር ቀንሳችሁ የመስመር ወጪውን ዝቅ አድርጉት። ትእዛዙ ከላይ፣ ከተቆጣጣሪው ከዴቪድ ማየርስና ከሱሊቫን የመጣ ነው። ቤቲ ደነገጠች። ትክክል አለመሆኑን ተናገረች። አብሯት የታዘዘው ትሮይ ኖርማንድም እንደሷ ነበር። ከዚያ ግን መዘገቡት።

ከመዘገቡ በኋላ ግን አልተኙም፤ ሥራ ሊለቁ አሰቡ። ሱሊቫን ይህን ሰምቶ ጠራቸው። መጀመሪያ አውሮፕላኖቹን ከሰማይ እናውርዳቸው፣ ካረፉ በኋላ ልሂድ ካላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ኃላፊነቱንም እኔ እወስዳለሁ አላቸው። ቤቲ ቤቷን አሰበች። ከባሏ የተሻለ የምታገኘው እሷ ናት፤ የቤተሰቡ የሕክምና ዋስትናም በሷ ሥራ የሚመጣ ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያች ከተማ፣ ሌላ ሥራ ከየት ይገኛል? ቀረች።

አውሮፕላኖቹ አላረፉም። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሌላ ትእዛዝ መጣ። በ2001 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት መጠባበቂያው ተሟጥጦ ስለነበር ወደ ሚኒባሱ ዘዴ ተሻገሩ፤ 771 ሚሊዮን ዶላር የመስመር ኪራይ ወደ ቋሚ ንብረት ዞረ። ቤቲ የትኛው የንብረት ሒሳብ ላይ እንደሚገባ መርጣ፣ ቀኑን ወደ ኋላ መልሳ መዘገበች። እንዲህ እየተባለ የ2001 ብቻ 3.055 ቢሊዮን ደረሰ፤ በ2002 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት 797 ሚሊዮን ተጨመረ። በ2001 አገኘን ያሉት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ በእውነቱ ኪሳራ ነበር። ቤቲ በዚህ መካከል የደረጃ ዕድገት አገኘች።

እኔ ቤቲን ልንቃት አልችልም። በሰኔ መጨረሻ ማታ ቢሮ ያመሸ የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃታል። ኃላፊው ቆሞ «ለጊዜው መዝግቢው፣ ሰነዱ በኋላ ይመጣል» ሲል ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ዝምታ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ወደ ሲንቲያ እንመለስ። በማርች 2002 የገመድ አልባ ስልክ ክፍሉ ኃላፊ ጆን ስተፕካ ወደ እሷ መጣ። ሊሰበሰብ ለማይችል የደንበኛ ዕዳ የያዝኩትን 400 ሚሊዮን ዶላር መጠባበቂያ ሱሊቫን ሊወስድብኝ ነው አላት። ሲንቲያ የውጭ ኦዲተሩን አርተር አንደርሰንን ጠየቀች። አንደርሰን ያኔ ከአምስቱ የዓለም ታላላቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ ነው፤ በዚያው ወር ኤንሮን የተባለውን ኩባንያ ሰነዶች በማጥፋት ተከሷል። የድርጅቱ ባልደረባ ግን ጥያቄዋን ዋጋ አልሰጠውም፤ እኔ የምሰማው ሱሊቫንን ነው ዓይነት መልስ ሰጣት። እሷም ነገሩን ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ አቀረበች፤ ሱሊቫን ወደ ኋላ አለ።

በማግሥቱ ፈለጋት። ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ ሳለች ስልኳ ጠራ። ሱሊቫን ነው፤ ተቆጥቷል። ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ እንዳትገቢ አላት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል። ሲንቲያ ግን ለምን ይህን ያህል ተናደደ ብላ አሰበች። እስከዚያ ቀን የሷ ክፍል ብክነት የት እንዳለ፣ አሠራሩ የት እንደሚላላ ነበር የሚመረምረው፤ የሒሳብ መግለጫውን እውነተኛነት የሚያጣራው አንደርሰን ነው። አሁን አንደርሰን ራሱ እየተናደ ነው። ሲንቲያ ማንም ሳያዛት የክፍሏን ሥራ ወደ ሒሳብ መግለጫው አሰፋች። ኩባንያውም በኋላ አንደርሰንን በኬፒኤምጂ ተካው።

ምርመራውን የገፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሲንቲያ፣ የመምህርቷ ልጅ ግሊን ስሚዝ እና ጂን ሞርስ። ሞርስ ኮምፒውተር ያውቃል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምዝገባዎችን ከሲስተሙ እየጎተተ ማጣራት ነበረበት። ቀን ሲሠራ ሰርቨሩ ይዘገያል፣ ሰው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ማታ ይሠራል። መስኮት በሌለው የኦዲት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ያገኘውን ሁሉ፣ አንድ ሰው ቢያጠፋብንስ ብሎ፣ ሲዲ ላይ ይገለብጣል።

በሜይ መጨረሻ አንድ ነገር ብቅ አለ፦ 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኮምፒውተር ነክ ወጪ ተብሎ ንብረት ላይ የተጻፈ። ፋክቱር የለውም። የግዢ ጥያቄ የለውም። ያዘዘውም የተረከበውም ሰው የለም። በሌላ በኩል «ፕሪፔይድ ካፓሲቲ» የሚባል መደብ ላይ እንዲሁ ትልልቅ፣ ክብ ክብ ቁጥር ያላቸው ምዝገባዎች አሉ። ቃሉ ምን ማለት ነው ብለው አንዱን የፋይናንስ ሰው ጠየቁ፤ አያውቅም፤ ወደ ሌላው መራቸው። ያም አያውቅም። መጨረሻ ላይ ማየርስን ጠይቁ ተባሉ። በጁን መጀመሪያ ሞርስ ያገኘው አጠራጣሪ ምዝገባ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር።

ሱሊቫን ሸተተው። ጁን 11 ቀን ሲንቲያን አነጋግሮ ይህን ምርመራ እስከ ሦስተኛው ሩብ ዓመት አቆዩልኝ አላት። አቆያለሁ ብትል የሚወቅሳት አልነበረም፤ አለቃዋ ነው። አልቆምም አለችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሲንቲያ ባል ቤት ውሎ ልጆቹን የሚያሳድግ ነበር። የቤቱ እንጀራ በሷ ደመወዝ ነው። ልክ እንደ ቤቲ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሙያ፣ ተመሳሳይ ሸክም ተሸክመው ነው የተቀመጡት። ሲንቲያ በነዚያ ሳምንታት ፈርታለች፤ አልቅሳለች፤ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ተጠግታለች። ጀግና ሆና የተወለደች አድርጋችሁ አትሳሏት።

ጁን 17 ቀን ሲንቲያና ግሊን ስሚዝ ተነሥተው ወደ ቤቲ ቪንሰን ቢሮ ሄዱ። ቀጠሮ አልያዙም። ለፕሪፔይድ ካፓሲቲ ምዝገባዎቹ ደጋፊ ሰነድ አሳዪን አሏት። ቤቲ አልዋሸችም። ብዙዎቹን የመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ደጋፊ ሰነድ ግን የለኝም አለች።

ከዚያ ወደ ማየርስ ሄዱ። እሱም አመነ፤ የሚደግፈው ደንብ እንደሌለ፣ አንዴ ከተገባበት በኋላ መውጣቱ እንዳስቸገረ ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። ጁን 20 ቀን የኦዲት ኮሚቴው ዋሽንግተን ተሰበሰበ። ሱሊቫን ማብራሪያ ላቅርብ ብሎ ቅዳሜና እሑድን ጠየቀ፤ ያቀረበው ወረቀት የኬፒኤምጂን ሰዎች አላሳመነም። ከሥራ ተባረረ። ጁን 25 ቀን 2002፣ በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ዎርልድኮም 3.8 ቢሊዮን ዶላር ያለአግባብ እንደመዘገበ ለዓለም አስታወቀ። በዚያ ሳምንት የእኛ አገር የሒሳብ ክፍሎች የበጀት ዓመት ለመዝጋት ይራወጡ ነበር።

ጁላይ 21 ቀን፣ በእኛ ሐምሌ 14 ቀን፣ ኩባንያው ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ንብረት መዝግቦ የወደቀ፣ እስከዚያ ጊዜ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ኪሳራ ነበር። 17,000 ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር። ምርመራው ሲጠናቀቅ ሐሰቱ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር አደገ። የክሊንተን ጡረተኞች አክሲዮን ወረቀት ሆነ። የኪሳራው ማመልከቻ ከገባ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ጁላይ 30 ቀን፣ የሳርቤንስ ኦክስሌ ሕግ ተፈረመ። የኩባንያ መሪዎች የሒሳብ መግለጫውን በራሳቸው ፊርማ እንዲያረጋግጡ፣ የውጭ ኦዲተሩን የኦዲት ኮሚቴው እንጂ ማኔጅመንቱ እንዳይቀጥረው፣ ኦዲተሮቹም ራሳቸው የሚቆጣጠራቸው ቦርድ እንዲኖር፣ የጠቆመ ሠራተኛ እንዳይባረር ደነገገ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የኦዲቲንግ ተማሪ የሚያነበው ምዕራፍ ግማሹ የዚያ ክረምት ልጅ ነው።

ኤበርስ ፍርድ ቤት ቆሞ እኔ አካውንቲንግ አላውቅም አለ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ በ2005 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2019 መጨረሻ በሕመም ተለቅቆ በ2020 መጀመሪያ ሞተ። ሱሊቫን ጥፋቱን አምኖ በኤበርስ ላይ ስለመሰከረ አምስት ዓመት፣ ማየርስና ዬትስ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደባቸው። ኖርማንድ በገደብ ተለቀቀ። ቤቲ ቪንሰንም ጥፋተኝነቷን አምና መስክራ ነበር፤ አምስት ወር እስር፣ አምስት ወር የቤት ውስጥ እገዳ። ቅጣቱን ያነበቡት ዳኛ ባርባራ ጆንስ፣ ይህች ሴት እምቢ ብትል ኖሮ ሴራው በእንጭጩ ሊቀጭ ይችል ነበር አሉ። ከተከሰሱት መካከል በደረጃ ዝቅ ካሉት አንዷ ናት፤ ግን ያለ እሷ ጣት ቁጥሩ ሲስተም ውስጥ አይገባም። ሒሳብ ሠራተኛ ማለት ይህን ያህል ሰው ነው።

ሲንቲያን ታይም መጽሔት ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር የ2002 የዓመቱ ሰው ብሎ መረጣት። ቢሮዋ ውስጥ ግን የጠበቃት ሁሉ ምስጋና አልነበረም፤ አክሲዮናቸውንና ሥራቸውን ያጡ ባልደረቦች ነበሩ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ለቀቀች፤ በ2008 ታሪኩን መጽሐፍ አድርጋ አሳተመች፤ ልምዷንም ለተማሪዎች አካፍላለች።

ይህን ሁሉ ለአዲስ አበባ፣ ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ተማሪ ለምን እነግራለሁ? ወንበሮቹ እዚህም ስላሉ ነው። የቤቲ ወንበር በየመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ክፍል አለ፤ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ተከፍቶ፣ ቫውቸር ተቆልሎ። የሲንቲያ ወንበር በየባንኩና በየሚኒስቴሩ የውስጥ ኦዲት ክፍል አለ። የውጭ ኦዲተሩ ወንበር በግል ኦዲት ድርጅቶች፣ በኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን፣ ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው በፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አለ። በገቢዎች ደግሞ የግብር ኦዲተሩ አለ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ የምንለው፣ ሕግ ሆኗል፤ ያንን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል። ብዙዎች 13 ፈተናና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቀውን ኤሲሲኤ የተባለ የሙያ ማረጋገጫ የሚጀምሩትም ለዚህ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ። ከአሁን በኋላ እዚህም አገር መምህሩና ጡረተኛው የሒሳብ መግለጫ አምነው ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ለጠቋሚዎች ጥበቃ የሚሰጥ ሕግም፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003፣ አለን፤ ስንት ተመራቂ ስሙን እንኳ ሰምቶ ይወጣል?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቻችን ሳይመረቁ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። የመስመር ኪራይ ወጪ ነው ወይስ ንብረት ተብሎ ቢጠየቅ ቤቲም ሱሊቫንም በትክክል ይመልሱታል።

ስለዚህ ኦዲቲንግ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ለዚህ ታሪክ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጡት። ከዚያ የተማሪዎቹን ስልክ ሰብስባችሁ አንድ አንድ ባዶ ወረቀት አድሉ። ጥያቄው ይህ ይሁን፦ ዛሬ ሰኔ 28 ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ኃላፊሽ ደጋፊ ሰነድ የሌለው 8 ሚሊዮን ብር ንብረት ላይ መዝግቢ ብሎሻል፣ ቤትሽ የሚተዳደረው በአንቺ ደመወዝ ነው፤ የመልስ ደብዳቤውን በራስሽ ቃል ጻፊ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚሄድም ከግርጌው አመልክቺ። ከመቶ ሃያውን ማርክ ስጡት። ደብዳቤዎቹንም ክፍል ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ አስነብቧቸው፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ካለ እስኪጨርስ ጠብቁት።